ከፑኔ እስከ እንጦጦ፦ የከዋክብት ምርምር ማዕከል ለማን ነው?

(ለፊዚክስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ! ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ አንድ የምርምር ማዕከል ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ማዕከሉ ያለው ህንድ ውስጥ፣ ፑኔ በምትባል ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የአስትሮኖሚና አስትሮፊዚክስ ማዕከል። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ግን የእንግሊዝኛውን ምህጻር ገጥመው "አዩካ" ነው የሚሉት። እኔም አዩካ እለዋለሁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩብኝ።

ናሳን ትቶ ፑኔ ምን ወሰደው ትሉ ይሆናል። ናሳን መቅዳት አንችልም። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ብቻውን ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። እናደንቀዋለን፣ ፎቶዎቹን ለጓደኛ እንልካለን፣ ከዚያ ወደ ክፍላችን ገብተን ያንኑ ኖት እናስተምራለን። አዩካ ግን የተጀመረው በዩኒቨርሲቲዎች በጀት ነው። ያነሱት ችግርም የእኛ ችግር ነው። የእኛ የእንጦጦ ማዕከልም ሲቋቋም ዩኒቨርሲቲዎች እጃቸው ነበረበት። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ብናያቸው ያስኬዳል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። የከዋክብት ምርምር ማዕከል የሚለካው በመስታወቱ ስፋት አይደለም። ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ የመጣ መምህር እዚያ ገብቶ ሥራ ሠርቶ መውጣት ይችላል ወይ? መለኪያው ይኼ ነው። አዩካን የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1980ዎቹ ህንድ የሥነ ፈለክ ሰው አልቸገራትም። ሙምባይ ታታ ኢንስቲትዩት አለ። ባንጋሎር የአስትሮፊዚክስ ኢንስቲትዩት አለ። አህመዳባድ የፊዚክስ ምርምር ላቦራቶሪ አለ። ጎበዝ ጎበዙ ሁሉ እነዚህ ውስጥ ነው። ተማሪው ግን ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ተማሪውና ተመራማሪው አይገናኙም። አንድ ወጣት ዶክትሬቱን ጨርሶ አንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ይቀጠራል። በሴሚስተር ብዙ ኮርስ ይሰጠዋል። ጆርናል የለም። ኮምፒውተር የለም። ሥራውን አንብቦ "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" የሚለው የሙያ ጓደኛ የለም። የመጀመሪያውን ዓመት ይታገላል። ትንሽ ቆይቶ ምርምሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይህን ታሪክ ለማወቅ ህንድ ድረስ መሄድ የማያስፈልጋችሁ መምህራን እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ የህንድ የዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ኮሚሽን የሚባለውን መሥሪያ ቤት የሚመሩት ያሽ ፓል ነበሩ። እሳቸውም የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ የኮስሚክ ጨረር ተመራማሪ። የያዙት ሐሳብ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ትንሽ መጽሐፍ፣ ትንሽ መሣሪያ ማከፋፈል የትም አያደርስም። ይልቅ አንድ ጥሩ ማዕከል ይሠራ፤ ባለቤቶቹም ሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ይሁኑ። ይህ ዘዴ ከዚያ በፊት ዴልሂ ላይ በኒውክሌር ፊዚክስ ተጀምሮ ነበር። ያሽ ፓል ደግሞ ለሥነ ፈለክም ፈለጉት። ሥራውን የሚጀምርላቸው ሰው ፈልገው ጃያንት ናርሊካርን አገኙ።

ስለ ናርሊካር ረዘም አድርጌ ብናገር ቅር አይበላችሁ። የማዕከሉን ጠባይ የቀረጹት እሳቸው ናቸው። በ1938 ኮልሃፑር ተወለዱ። ካምብሪጅ ሄደው የታዋቂው ፍሬድ ሆይል ተማሪ ሆኑ። በ1964 ከሆይል ጋር ሆነው ስለ ስበት አዲስ ንድፈ ሐሳብ ሲያወጡ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ስማቸው በአንድ ጊዜ ናኘ። እንግሊዝ መቅረት ይችሉ ነበር፤ በ1972 ግን አገራቸው ገብተው ታታ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመሩ። በ1988 ደግሞ ያንን የተደላደለ ወንበር ትተው ፑኔ ላይ ከዜሮ ለመጀመር ተስማሙ። አብረዋቸው የተነሱት ናሬሽ ዳዲችና አጂት ኬምባቪ ነበሩ፤ ሁለቱም ኋላ በተራቸው ማዕከሉን መርተዋል። ናርሊካር ያረፉት በግንቦት 2025፣ በ86 ዓመታቸው ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ናርሊካር በቢግ ባንግ አያምኑም ነበር። አጽናፈ ዓለም በአንድ ቅጽበት ከታላቅ ፍንዳታ ጀመረ የሚለውን አልተቀበሉም። ከሆይል ጋር የያዙት ሌላ መንገድ ነው፤ አጽናፈ ዓለም መጀመሪያ የለውም፣ እየሰፋ ሲሄድ አዲስ ቁስ ይፈጠራል የሚል። በ1993ም ከሆይልና ከጄፍሪ በርቢጅ ጋር ሆነው ሐሳቡን አሻሽለው አቀረቡት። አብዛኛው የሙያው ሰው ግን ማስረጃው ወደ ቢግ ባንግ እንደሚያደላ ያምናል፤ በተለይ ከሰማዩ አቅጣጫ ሁሉ ከሚመጣው የማይክሮዌቭ ጨረር የተነሳ።

እንዲህ ያለ ዳይሬክተር ማንን ይቀጥራል? የራሱን ደጋፊዎች ይመስላችኋል። ናርሊካር እንዲህ አላደረጉም። ታኑ ፓድማናባንን አመጡ፤ በቢግ ባንግ ማዕቀፍ ውስጥ የሚሠራ፣ በስበትና በኮስሞሎጂ ዓለም የሚያውቀው ሰው። ያንኑ የማይክሮዌቭ ጨረር የሚያጠና ቡድንም እዚያው ማዕከል ውስጥ አደገ። ዳይሬክተሩ የማያምኑበትን ነገር የሚለኩ ወጣቶች ደመወዝ የሚያገኙት እሳቸው ከመሠረቱት ማዕከል ነው ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ይከራከራሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ወደየቢሯቸው ይመለሳሉ። አለቃን በሐሳብ መቃወም እንጀራ የማያሳጣበት ቦታ መፍጠር ቴሌስኮፕ ከመግዛት ይከብዳል። ገንዘብ የማይገዛው ነገር ነውና። እኛ ዘንድ በመምሪያ ስብሰባ ላይ ስንት ሰው ሐሳቡን ዋጥ አድርጎ እንደሚወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ወደ ማዕከሉ አሠራር ልለፍ። ዋናው ነገር የተባባሪ ተመራማሪነት ፕሮግራሙ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ መምህር ያመለክታል። ከተመረጠ ለ3 ዓመት የአዩካ ተባባሪ ይሆናል፤ ከዚያም ሊታደስለት ይችላል። ሥራውን አይለቅም። ትምህርት ሲዘጋ ወይም ፈቃድ ሲያገኝ ፑኔ ይመጣል። ለጉዞውና ለማረፊያው ማዕከሉ ያግዘዋል። እዚያ ላይብረሪ አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ ከሁሉም በላይ አብሮት የሚያስብ ሰው አለ። ዶክትሬት የሚሠራ ተማሪም ካለው ይዞ ይመጣል። ከዚያ ወደ ኮሌጁ ይመለሳል። ሥራው ግን አይቋረጥም፤ በደብዳቤ፣ ኋላም በኢሜይል ይቀጥላል። ፑኔ ውስጥ ኢንተርኔት ብርቅ በነበረበት ዘመን የመምህራንና የተመራማሪዎች ኔትወርክ ቀድሞ ከገባባቸው ቦታዎች አንዱ አዩካ ነበር።

የማዕከሉ ሰዎችም ፑኔ ቁጭ ብለው እንግዳ አይጠብቁም። ዓውደ ጥናቱን በየክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ይዘው ይሄዳሉ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥም ትናንሽ የአስትሮኖሚ ክፍሎች እንዲከፈቱ አግዘዋል፤ ፑኔ መድረስ ያልቻለ ተማሪ እዚያው እንዲጀምር።

ይህ ሁሉ ምን ውጤት አመጣ? አንድ ምሳሌ እነሆ። በሐምሌ 2017 ከአዩካ አንድ ዜና ወጣ። እጅግ ግዙፍ የጋላክሲዎች ስብስብ ተገኘ። ሱፐርክላስተር ይባላል፤ የጋላክሲ ክላስተሮች ተሰባስበው የሠሩት ማለት ነው። ስሙን ሳራስዋቲ አሉት። ከእኛ ያለው ርቀት 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 600 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይዘልቃል። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከዚያ የተነሳው መሬት ገና ልጅ ሳለች ነው።

አሁን ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛው ዳታው የማን እንደሆነ ነው። የህንድ ቴሌስኮፕ አይደለም። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ላይ ያለ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ለዓመታት ሰማዩን ቆጥሮ በነጻ ለዓለም ያስቀመጠው ዳታ ነው። ስሎን ሰርቬይ ይባላል። እናንተም ዛሬ ማታ በላፕቶፓችሁ ልታወርዱት ትችላላችሁ። ሁለተኛው የጸሐፊዎቹ ዝርዝር ነው። የአዩካ ሰዎች አሉ። የዶክትሬት ተማሪ አለ። ጃምሼድፑር ካለ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጣ አለ። ከኬራላ ደግሞ ቶዱፑዛ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኒውማን ኮሌጅ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር አለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን የሚያስተምር ሰው ነው። ስሙ ግን በአስትሮፊዚክስ ትልቅ ጆርናል ላይ፣ ከጽንፈ ዓለም ግዙፍ አካላት አንዱን ካገኙት ጋር ተጽፏል። እሱ በማግስቱ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ የሚያዩት መምህር ሌላ ነው። ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር እንዳልሆነ በዓይናቸው አይተዋል።

ሌላው ምሳሌ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የስበት ሞገድን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁለት ብላክ ሆሎች፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው እጅግ ከባድ አካላት፣ ሲጋጩ ኅዋው ራሱ ይርገበገባል። ርግብግቢቱ እኛ ጋ ስትደርስ እጅግ ደካማ ናት፤ ይህን ሞገድ ለመያዝ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ላይጎ የሚባል መሣሪያ 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ክንዱ ከፕሮቶን ስፋት አንድ ሺኛ በታች ነው የሚንቀሳቀሰው። መሣሪያው ላይ ደግሞ ሌላ ጫጫታ ሞልቷል፤ የመሬት ንዝረት፣ የሙቀት፣ የሌዘሩ ራሱ። ታዲያ ሞገዱን በምን ይለዩታል? በመርካቶ ግርግር መሃል የእናታችሁን ድምፅ ለይታችሁ እንደምትሰሙት ነው። የምትለዩት ከሌላው ስለሚጮህ አይደለም፤ ቀድማችሁ ስለምታውቁት ነው። ተመራማሪዎቹም ሞገዱ ምን እንደሚመስል አስቀድመው አስልተው፣ በብዙ ሺህ ናሙና አዘጋጅተው፣ ከዳታው ጋር እያስተያዩ ይፈልጋሉ። ከዚህ ዘዴ መሠረቶች አንዱን የጣሉት የአዩካው ሳንጂቭ ዱራንዳርና ተማሪያቸው ሳትያፕራካሽ ናቸው፤ በ1991።

1991 ላይ የሚሠራ የላይጎ መሣሪያ አልነበረም። ሞገዱ የተያዘው መስከረም 14፣ 2015 ነው። የፀሐይን ክብደት 36 እና 29 እጥፍ የሚያህሉ ሁለት ብላክ ሆሎች ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተጋጭተው ነበር። በመሃል ወደ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። ያን ሁሉ ዓመት ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ትንሽም ኮምፒውተር ይዞ መሥራት ይቻል ነበር፤ ሠሩም። "ለዚህ ፕሮጀክት የዚህ ዓመት ውጤቱ ምንድን ነው?" ብሎ በየሩብ ዓመቱ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ቢኖር ኖሮ ሥራው ገና ድሮ በተዘጋ ነበር። ዛሬ ህንድ ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ሂንጎሊ ላይ የራሷን ላይጎ ለመገንባት ተነስታለች፤ መንግሥት በ2023 አጽድቆታል።

አዩካ የራሱን ቴሌስኮፕ መቼ አገኘ? በ2006። ከፑኔ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ጊራዋሊ የሚባል ቦታ ላይ፣ 2 ሜትር መስታወት ያለው። ማዕከሉ በተቋቋመ በ18ኛው ዓመት ማለት ነው! ያን ያህል ጊዜ ሰው ሲያፈሩ ቆይተው ነው መስታወት የገዙት። በዝናቡ ወራት ደግሞ ደመናው አላሠራ ስለሚል ይዘጋል፤ ልክ እንደ እኛ ክረምት።

ስለ ሕንፃው ብዙ አልልም። የነደፉት ቻርልስ ኮሪያ ናቸው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ሰፊ ግቢ። አደባባዩ ላይ አርያባታ፣ ጋሊሊዮ፣ ኒውተንና አይንስታይን በሐውልት ቆመዋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ውስጥ የፎኮ ፔንዱለም አለ። ረጅም ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ሲወዛወዝ ይውላል፤ የመወዛወዣው አቅጣጫ ግን ቀስ በቀስ ይዞራል። የሚዞረው ከሥሩ ያለችው መሬት ናት። ፑኔ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ ከ3 ቀን ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። አዲስ አበባ ላይ ብትሰቅሉት 6 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ለምድር ወገብ ይበልጥ ስለምንቀርብ። ዋልታው ላይ አንድ ቀን ነው። ስሌቱን አንደኛ ዓመት ላይ ተምራችሁታል፤ የኬክሮሱን ሳይን ወስዳችሁ 24ን ማካፈል ነው። ገመድና ብረት አለ፣ ከፍ ያለ ጣራም አይጠፋም። እዚህ ግቢ ለምን አይሠራም?

ስለ ልጆቹ ሳልናገር ባልፍ ግን ራሴን ይቆጨኛል። አዩካ ለትምህርት ቤት ልጆች የቅዳሜ ትምህርት ይሰጣል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በየካቲት 28 የህንድ የሳይንስ ቀን፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ናርሊካርን ልጆች ከብበው ፊርማ ሲጠይቋቸው እሳቸው የሚሉት ሌላ ነበር። "በፖስት ካርድ አንድ የሳይንስ ጥያቄ ጻፍልኝ፤ መልሱን ፈርሜ እልክልሃለሁ" ይሉ ነበር። ይልኩም ነበር። በራሳቸው ቋንቋ፣ በማራቲ፣ የሳይንስ ታሪኮችን ይጽፉ ነበር። በቴሌቪዥንም ስለ ጽንፈ ዓለም ተከታታይ ፕሮግራም ሠርተዋል። በ1996 ዩኔስኮ ሳይንስን ለሕዝብ በማድረስ የካሊንጋ ሽልማት ሰጣቸው። በማዕከሉ የልጆች ክፍል ውስጥ ደግሞ አርቪንድ ጉፕታ የሚባሉ ሰው ለዓመታት ከቆሻሻ መጫወቻ ሲሠሩ ኖሩ። ከክብሪት እንጨት፣ ከብስክሌት ቫልቭ ጎማ፣ ከጋዜጣ፣ ከባዶ ጠርሙስ። አንድ ፓምፕ፣ አንድ ሞተር፣ አንድ የጂኦሜትሪ ቅርጽ። ሁሉንም ቪዲዮ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አኑረውታል።

ናርሊካር ኮከብ ቆጣሪዎችንም በሳይንስ ፈትነዋል። ከ2008 ጀምሮ ነው። የ100 ጎበዝ ተማሪዎችንና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን 100 ልጆች የትውልድ ሰዓትና ቦታ ሰበሰቡ። ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ኮከብ ቆጣሪ 40፣ 40 አደሉት። "የትኛው የትኛው ነው?" አሏቸው። 27 ኮከብ ቆጣሪዎች መልስ ላኩ። ትክክል የሆነው 46 በመቶ ነው። ሳንቲም ወርውራችሁ ብትገምቱ 50 በመቶ ታገኛላችሁ። ማንንም አልሰደቡም። ተሳታፊዎቹን በአክብሮት ጠየቁ፣ ቆጠሩ፣ ጻፉት። በየመንደሩ ሰው ገንዘቡን እየከፈለ ዕጣ ፈንታውን በሚጠይቅበት አገር የከዋክብት ማዕከል ይህን ማድረግ ግዴታው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እንጦጦ እንውጣ።

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ2004 ነው። ያኔ ብዙ ሰው "የምን ኅዋ፣ ዳቦ ሳይኖር" ብሎ ስቋል። እነሱ ግን ገፉበት። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። ማስተርስና ዶክትሬት በአገር ውስጥ ማስተማር ተጀመረ። ኋላ ማዕከሉ በኢንስቲትዩት ሥር ገባ፤ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይባላል። በጥቅምት 2019 ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ስለ ንቁ ጋላክሲዎች ያዘጋጀው ሲምፖዚየም አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። በኢንስቲትዩቱ ለዓመታት ያስተማረችው የከዋክብት ተመራማሪ ሚርያና ፖቪች በ2018 ሳይንስን በማነቃቃት የኔቸር ሽልማት አግኝታለች፤ በተለይ ለወጣቶችና ለሴቶች ባደረገችው። በዚያው በ2019 ታኅሣሥ አንድ ኮከብና ፕላኔቱ የእኛን ስም ይዘዋል። በአንድሮሜዳ አቅጣጫ ያለው ኮከብ "ቡና" ይባላል፤ ዙሪያውን የሚዞረው ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ደግሞ "አቦል"። ስሙን የመረጠው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው፤ ያጸደቀው ኅብረቱ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ። ግን አዩካ በሰው ጀምሮ በ18 ዓመቱ ወደ መስታወት ሄደ። እኛ መስታወቱ ቀድሞ ደረሰልን። መስታወቱ መድረሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው ካልተከተለው ግን አቧራ ይጠጣል። አዲስ አበባ ደግሞ እንጦጦ ሥር ድረስ መጥታለች። ብርሃኗ ሌሊቱን ያነጣዋል። ደብዛዛ ጋላክሲ ለማየት የሚያስቸግረውም ይህ ነው። በላሊበላ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ለወደፊት ጣቢያ ታስበው የተጠኑት ለዚህ ነው።

ታዲያ እንጦጦ ለምን ይሆናል? ለብሩህ ከዋክብት ይሆናል! በሰዓታት ውስጥ የሚታይ የብርሃን ለውጥ ለሚለካበት ሥራ 1 ሜትር ትልቅ ነው። የጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያንን ለመለካት የከተማ ብርሃን ይህን ያህል አያግድም። ቦታችንም ድንቅ ነው። ከምድር ወገብ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ከደቡቡ ዋልታ አካባቢ በቀር የሰማዩን ሁሉ በዓመት ውስጥ እናየዋለን። የደቡብ መስቀልንም የሰሜን ኮከብንም እናያለን። ሌላም አለ። አንድን ኮከብ ሌሊቱን ሙሉ ለመከታተል ከአንድ አገር ወደ ሌላ መቀባበል ያስፈልጋል። ፑኔ ላይ ንጋት ሲጀምር እንጦጦ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ጨለማ ይቀራል። ስለዚህ አዩካና እንጦጦ ጓደኛ ቢሆኑ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ህንድና እኛ በትምህርት ድሮም እንተዋወቃለን፤ የስንቱ ታላላቆቻችን የፊዚክስ መምህር ህንዳዊ ነበር!

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የተባባሪ ተመራማሪነት ፕሮግራም እዚህም ይጀመር። የጂንካ፣ የሰመራ፣ የዲላ፣ የደብረ ታቦር መምህር ለ3 ዓመት የማዕከሉ ተባባሪ ይሁን። ክረምት ላይ ደመናው ቴሌስኮፑን ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲውም ይዘጋል፤ ያ ጊዜ ዳታ የሚተነተንበት ነው። የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪው ከአንድ ቴሌስኮፕ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ዩኒቨርሲቲዎችም መምህሩን "ፈቃድ የለህም" እንዳይሉት አስቀድሞ ስምምነት ይፈረም። መምህሩ ሲመለስ የኮርስ ጫናው በትንሹ ይቀነስለት። አለዚያ ያመጣውን ሥራ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይገድለዋል።

ከአዳራሹ ሁለት ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፤ መልሶቼን አብሬ አሰፍራለሁ።

የመጀመሪያው "ይህ ሁሉ ለአገር ምን ይጠቅማል?" የሚል ነው። በጣም ደካማ ምልክትን ከጫጫታ ለይቶ ማውጣት የለመደ ሰው ለባንክም፣ ለሜትሮሎጂም፣ ለሕክምና ምስልም ይፈለጋል። ከአስትሮኖሚ ዶክትሬት የሚወጣ ሰው ሁሉ አስትሮኖመር ሆኖ አይቀርም፤ ያም ጥሩ ነው። ግን ዝም ብዬ በጥቅም ብቻ አልመልስም። ልጆቻችን ከየት እንደመጣን የመጠየቅ መብት አላቸው። ያንን ጥያቄ የሚመልሱ ሰዎች በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማልኛም እንዲኖሩ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። "እንጦጦ እስክንደርስ ምን እንሥራ?" አለች። መልሴ ይኸው። ቴስ የሚባል የናሳ ሳተላይት አለ፤ በ2018 ነው የመጠቀው። የከዋክብትን ብርሃን ይለካል፤ ዳታውም ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ኤችዲ 189733 የሚባለውን ኮከብ ፈልጉ። በየ2.2 ቀኑ ፕላኔቱ ፊቱ ያልፋል፤ ብርሃኑም ከ2 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ዳታውን አውርዱ። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ግራፍ አድርጉት። ዝቅ ያለበትን ቦታ ፈልጉ፣ በሁለት ዝቅታዎች መካከል ያለውን ጊዜ ለኩ። ከዝቅታው ጥልቀት የፕላኔቱን ስፋት አስሉ፤ ቀመሩ የሁለቱ ክቦች ስፋት ንጽጽር ብቻ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ ሥሩት፣ መምህራችሁን አስገቡበት፣ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። ኔትወርኩ ቀን ላይ ካስቸገራችሁ ሌሊት አውርዱት፤ ፋይሉ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ቁጥሩ 2.2 ካልወጣላችሁ ግራፉን ላኩልኝ፤ የት ጋ እንደሳተ አብረን እናየዋለን።